የታጠፈችው መፍቻ ቦታ

በሚስ ዶርታ ጋራዥ ውስጥ የተጻፈ ሕግ የለም። «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት እንኳ ከግድግዳው ከወደቀ ቆይቷል። ሁላችንም የምናውቀው ግን አንድ ነገር አለ፤ የመካኒክ ሳጥን ቤቱ ነው። ባለቤቱ ቆሞ «ክፈት» ካላለህ አትከፍትም። ዕቃ ብትዋስ ጠርገህ፣ አመስግነህ ትመልሳለህ። ያንኑ ዕቃ ሁለተኛ ልትዋስ ከመጣህ «ሄደህ የራስህን ግዛ» ትባላለህ፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። ደግሞም የአንድ ሰው ሳጥን በጎማው እየተንከባለለ በትልቁ በር ከወጣ፣ ያ ሰው ሄደ ማለት ነው። ስንብት የለ፣ ኬክ የለ። ሳጥኑ ወጣ፣ አለቀ።

የሮይስ ፔል ሳጥን የወጣው ባለፈው ጥቅምት ነው።

ሮይስ የቨርሊን ታኬት የሚስቱ ወንድም ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ነበር የሚሠሩት፤ በሳጥኖቻቸው መሃል ሰው የሚያልፈው ሆዱን ሰብስቦ ነው። ቨርሊን ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ጎበዝ መሆኑን ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ነው። ሮይስ ዝምተኛ ነው። ቀልድ ሲነግርህ እንኳ ፊቱ ስለማይፈታ ሳቅ ይጠብቅ አይጠብቅ አታውቅም።

ነገሩ የተነሳው በአንዲት መፍቻ ነው። የቨርሊን አባት ኤመት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኛም ጋ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስንዴ የሚጭኑት መኪኖች ሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ ጀርባ አንዲት የተደበቀች ብሎን አለች፤ እሷን ለመድረስ ብሎ አንዷን መፍቻ በጋዝ እሳት አግሎ፣ ሞርሳ ላይ አስሮ ሁለት ቦታ አጠፋት። አንገቷ ጠማማ፣ ብረቷም እሳቱ በነካት በኩል ሰማያዊ ሆና ቀረች። እንዲህ ያለች መፍቻ ሱቅ ውስጥ አትሸጥም። እሷ ከሌለች ያቺን ብሎን ለመፍታት ግማሽ መኪና ማራገፍ ነው። ኤመት ሲሞት ለልጁ ሌላም ነገር ትቶለታል፤ ቨርሊን ግን «አባቴ የተወልኝ» ሲል ማንሳት የሚወደው እሷን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መፍቻዋ የለችም።

ቨርሊን መሳቢያዎቹን እየሳበ ያተራምስ ጀመር። እየሳበ ስል እስከተሳቡለት ድረስ ነው። ያ አሮጌ ሳጥኑ ከመጠን በላይ ከመታጨቁ የተነሳ መሳቢያዎቹ ግማሽ መንገድ መጥተው ይነክሱ ነበር፤ ሲዘጉም በጉልበቱ ገፍቶ ነው።

ሮይስ ከመኪና ሥር እንደተኛ «ከኋላ ፈልገሃል?» አለው።

«ከምን ኋላ?»

«ከመሳቢያው ኋላ።»

ቨርሊን ይህን ሹፈት አድርጎ ወሰደው። «አንተ ስለ እኔ ሳጥን ብዙ ታውቃለህ መሰለኝ» አለ። ቀጥሎም ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እዚህ ጎኔ የሚሠራው እንደሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ።

የአየር መሙያው ኮምፕረሰር ልክ በዚያች ቅጽበት ሞልቶ ዝም አለ። ጋራዡ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

ሮይስ ከመኪናው ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሳጥኑን ከፈተና፣ ከላይ ጀምሮ መሳቢያዎቹን በሙሉ እስከ ጥጋቸው ሳባቸው። የታችኛው ውስጥ የእናቱ ፎቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ግማሽ ብስኩትና የልጁ የወተት ጥርስ ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች። ያንን ሁሉ አየን። እኔ ጎማ እየነፋሁ ነበር፤ ቀና ብዬ አየሁና መልሼ ጎማዬን አየሁ። ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ያየሁ ያህል አፈርኩ።

መፍቻዋ አልነበረችም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በሳምንቱ ይታረቁ ነበር። ቨርሊን ግን የሰው ዓይን በዝቶበት፣ ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መስሎት፣ «ቤትህም እኮ ሳጥን አለህ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ሮይስ መሳቢያዎቹን ዘጋ፣ ቆለፈ፣ ሳጥኑን በትልቁ በር አስወጣው። ደጁ ጠጠር ነው፤ መሃል ላይ ሲደርስ አንዱ ጎማ ተሰበረ። ያን ሁሉ ብረት በሦስት እግር እያነሳና እየጎተተ እስከ መኪናው ወሰደው። ማናችንም አላገዝነውም። ብናግዘው የማን ወገን እንደሆንን ይታወቅብናላ!

---

ጊፎርድ የመሣሪያ ነጋዴ ነው። ውስጡ ሱቅ የሆነ ትልቅ መኪና እየነዳ በየሐሙሱ ይመጣል፤ በአውራጃው ያለ ጋራዥ ሁሉ ደንበኛው ነው። መሣሪያውን ይሸጣል፤ ወሬውን በነጻ ያድላል። የሮይስ ሳጥን በወጣ በሳምንቱ ወሬው ጊፎርድ የሚነዳበት መንገድ ሁሉ ደርሶ ነበር።

«አዲስ ሳጥን እፈልጋለሁ» አለው ቨርሊን፣ ብርዱ ገባ ሲል። «ሌባ ባለበት አገር በዚህ ቆርቆሮ መቀመጥ ሞኝነት ነው።»

«ታዲያ ና ግባና ሙሽራህን ምረጥ።»

ለእውነቱ ቨርሊን መምረጥ ያውቃል። አንዱን ሳጥን ጎኑን በጣቱ ኳኳና «ይሄ የብስኩት ቆርቆሮ ነው» ብሎ አለፈው። የሌላውን ትልቁን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ስቦ በመዳፉ ተጫነው፤ ሳጥኑ ወደ ፊት ሲያዘነብል አንገቱን ነቅንቆ ተወው። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ተንበረከከ። ሁለቱ እግር ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሁለቱ የሚዞር፣ የሚዞሩት ፍሬን ያላቸው። መሳቢያዎቹ በኩሽኔታ ላይ ስለሚሄዱ በአንድ ጣት ይሳባሉ። ከላይ ሥራ የሚያኖሩበት የእንጨት ገበታ አለው።

«ፈረስ ነው እንዴ የምትገዛው?» አለ ጊፎርድ። «በል ጥርሱንም እይ!»

«ወፍራም ነው ብረቱ?»

«ወፍራም ነው። ደግሞ ይሄን እይ፤ የመሳቢያው ጀርባ ከፍ ያለ ነው። የፈለግከውን ያህል ብትጠቀጥቅ ዕቃ ዘሎ ወደ ኋላ አይወድቅብህም። የድሮዎቹ አመላቸው እሱ ነበር።»

ቨርሊን ይህንን አልሰማም። ቁልፉን እያገላበጠ ነበር። «ሁሉንም መሳቢያ ባንዴ ይቆልፋል?»

«ባንዴ።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለ።

ሚስቱ ናዲን ሳጥኑ የገባ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ ዙሪያውን ዞራ አየችው። «ከቤታችን ቁም ሳጥን ይበልጣል። እኔም ልብሴን ይዤ እዚህ ልግባ እንዴ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ናዲን እንደዚያ ስትቀልድ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት ያኔ ይመስለኛል።

ቅዳሜንና እሑድን ዕቃውን ሲደረድር ዋለ። ከባዱን ከታች፤ መዶሻውን፣ መንቀያውን፣ የኩሽኔታ መግፊያውን። ሁልጊዜ እጅ የሚፈልገውን ወገብ በሚደርሰው ላይ፤ ብሎን ራስ ላይ የሚጠለቁትን ቡሶላዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ካቻቢቴዎቹን እጀታቸው ወደ ሰው፣ ፒንሳዎቹን አፋቸው ወደ ግድግዳ። የኤሌክትሪኩን ዕቃ ግራሶ እንዳይነካው ለብቻው። መፍቻዎቹን ደግሞ ከላይኛው መሳቢያ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት።

በየመሳቢያው ሁለት ድርብ ስፖንጅ አነጠፈ፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ቀይ። እያንዳንዱን ዕቃ በጥቁሩ ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በእርሳስ ከነደፈ በኋላ በስለት ቆረጠው። ዕቃው ከቦታው ከተነሳ ቀዩ ያፈጣል። ማታ ጋራዥ ስትዘጋ አንድ ቀይ ካየህ፣ አንድ ዕቃ የሰው ሞተር ውስጥ ረስተሃል ማለት ነው። ጥሩ አሠራር ነው፤ አውሮፕላን የሚጠግኑ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ ይላሉ።

ታዲያ ቨርሊን እዚያ ላይ አላቆመም። በላይኛው መሳቢያ መሃል፣ ከመፍቻዎቹ ሁሉ መካከል፣ የሌለችውን መፍቻ ቅርጽ በትዝታ ነደፈ። እጁ ያውቃታል፤ ሁለቱን እጥፋቷን አልሳተም። ቆረጠውና ባዶውን ተወው። መሳቢያውን በከፈተ ቁጥር አንዲት ጠማማ ቀይ ነገር ጥቁሩ ላይ ትታያለች።

መኪናውን ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ይጠይቃል። «ይቺ ቀይዋ ምንድናት?»

«የተሰረቀችብኝ።»

«ማን ሰረቀህ?»

«ስም አልጠራም። ሳጥኑን ይዞ የሄደ ሰው ነው።»

ስም አልጠራም ይላል እንግዲህ! ለዚች ጥያቄ ብሎ መሳቢያውን ያለ ሥራ ሲከፍት አይቼዋለሁ።

ናዲን አንድ ቀን ያንን ቀይ አየችው። ጣቷን በባዶው ላይ አሳልፋ ምሳውን አስቀምጣ ሄደች። ባሏን አምናለች፤ ባሏን ካመነች ደግሞ ወንድሟ ሌባ ነው። በገና ሮይስ እናታቸው የምትሠራውን ዓይነት የፒካን ፓይ፣ ለውዝ የተሞላ ጣፋጭ፣ በእጁ ይዞ ደጃፏ መጥቶ ነበር። ፓዩን ተቀበለችው፤ ግባ ግን አላለችውም።

---

ብርዱ አልፎ ስንዴው ጉልበት ሲደርስ አንድ ገበሬ አሮጌውን ሳጥን ለመጋዘኔ ልውሰደው አለ። ቨርሊን ቅዳሜ ዕለት ብቻውን መጥቶ ሊያዘጋጅለት ተቀመጠ። መሳቢያዎቹ አሁን ባዶ ስለሆኑ እንደ ልብ ይሳባሉ። ለመሸከም እንዲቀልለት ብሎ የታችኛውን መሳቢያ የጎን ጎኑን ማስለቀቂያ ተጭኖ ጨርሶ አወጣው። አጎንብሶ በባትሪ ወደ ውስጥ አየ።

ከሳጥኑ ወለል ላይ፣ ከጀርባው ብረት ሥር፣ አንድ አሮጌ ካንዴላ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የደረቀ ሸረሪት፣ እና ሰማያዊ አንገቷ ሁለት ጊዜ የታጠፈ መፍቻ ነበረች።

በቅሎ የጠፋው ኮርቻ ገልቦ ያያል ይባላል። ቨርሊን ግን የገለበው የሰው ኮርቻ ነበር። ነገሩን በኋላ ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው አለኝ፤ ከመኪና ሥር የመጣ ድምፅ፤ «ከኋላ ፈልገሃል?» የሚል። ሹፈት አልነበረም። አንድ መካኒክ ለሌላው የሚሰጠው ተራ ምክር ነበር። የተጠቀጠቀ መሳቢያ በጉልበት ሲገፋ ከላይ ያለው ዕቃ በጀርባው ዘሎ ይወድቃል፤ ይህን ጎማ የምነፋው እኔም አውቃለሁ። ቨርሊን ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ማንም እንዳላየው ያውቃል፤ ሆኖም ዞር ብሎ ደጁን አየ።

መፍቻዋን እጅጌው ውስጥ ከተተ። የራሱን ዕቃ በራሱ እጅጌ! ከዚያም በፒካፑ ወንበር ሥር፣ ከዝናብ ልብሱ በታች ደበቃት።

እሑድ ማታ ናዲን ዓሣ ጠብሳ ሳህን ስታቀርብ፣ እንዲያው በድንገት፣ «ሮይስ እንዴት ይሆን የሚኖረው?» አለች። ቨርሊን ዓሣውን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋው። አጥንት በዝቶታል ብሎ ውኃ ጠጣ።

ሰኞ ላይኛውን መሳቢያ አልከፈተም። ማክሰኞም። መፍቻ ሲያስፈልገው ከሥራ ገበታው ላይ ያለውን እያነሳ፣ ሌላውን ከእኔ እየተዋሰ ዋለ። መፍቻዋ ቦታዋ ተነጥፎ ይጠብቃታል፤ ግን ካስገባት ቀዩ ይጠፋል፣ ቀዩ ከጠፋ ሰው ሁሉ «የት አገኘሃት?» ይላል። ሌላ መፍቻ እንዳያስገባበት ያ ጠማማ ቦታ ሌላ አይቀበልም። ኩሬ እንዳይጥላት የአባቱ እጅ ሥራ ናት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት። «ሮይስ ጸጽቶት በሌሊት ደጅ ጥሏት ሄደ ብልስ?» ብሎ አሰበ። ይህን ሐሳብ ማሰብ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚናገረው ፒካፑ ውስጥ ሆኖ ተለማምዶታል። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እኔም አላየሁትም፤ እንደዚያ ያለውን ሰው ማየት ነውር ነው።

ረቡዕ ሚስ ዶርታ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። «ምነው ቨርሊን፣ ያቺን ሙሽራህን ደጋግመህ ትገላልጣት አልነበር? ምን ነክቷት ተሸፈነች?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ሚስ ዶርታ።»

«እሺ» አለች። ሚስ ዶርታ እሺ ስትል አላመንኩህም ማለቷ ነው።

---

ሐሙስ ጊፎርድ መጣ። እንደ ወትሮው ጥሩምባውን ነፋ፤ እንደ ወትሮውም ሥራችንን ጥለን ወጣን። የመኪናውን የኋላ በር ሲከፍት ከዕቃዎቹ ፊት በገመድ የታሰረ ቀይ ሳጥን ቆሟል። አንዱ ጎማው ተሰብሮ በሽቦ ተጠፍሯል።

«ደግሞ ዛሬ ያገለገለች ሙሽራ ይዤ መጥቻለሁ!» አለ ጊፎርድ።

ሚስ ዶርታ አልሳቀችም። «የሮይስ አይደለችም?»

«ነበረች። ሽጥልኝ አለኝ።»

«ባዶዋን?»

«ከነመሣሪያዋ።»

ሳጥኑን ለውጦ ሌላ የሚገዛ አለ፤ ሳጥኑን ከነመሣሪያው የሸጠ ግን ሙያውን ነው የቀበረው። ወደ መካኒክነት አይመለስም።

«ምን እየሠራ ነው?» አለች ሚስ ዶርታ።

«ማታ ማታ መኖ ፋብሪካ ጆንያ ይሸከማል። በየጋራዡ ጠይቆ ነበር፤ አልቀጠሩትም። እኔን ጠየቁኝ፣ እኔም ከዚህ እንዴት እንደወጣ ነገርኳቸው። ታዲያ ልዋሽ?» ጊፎርድ ትከሻውን ሰበቀና ወደ ቨርሊን ዞረ። «አንተ እንደውም ቀድመህ ፈትሻት። ማን ያውቃል፣ መፍቻህ ከውስጧ ትወጣ ይሆናል!»

ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

ቨርሊን ወደ ፒካፑ ሄደ። እኔ የሸሸ መስሎኝ ነበር። በሩን ከፍቶ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ብዙ ቆየ። ሲመለስ በእጁ የያዛትን የጊፎርድ መኪና ደረጃ ላይ አስቀመጣት። ማናችንም ምንነቷን መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ያንን ቅርጽ ስፖንጁ ላይ ቀዩን ስናይ ነው የከረምነው።

«ተገኘች» አለ።

«የት?» አለች ሚስ ዶርታ።

«ከኋላ።»

«ከምን ኋላ?»

«ከመሳቢያዬ ኋላ። ከአሮጌው ሳጥኔ።» ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

«መቼ?»

ይህቺን ጥያቄ አልጠበቃትም። ላብ በግንባሩ ወረደ። «ቅዳሜ» አለ።

«ልጄ» አለች ሚስ ዶርታ፣ «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቨርሊን አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ትልቅ ሰውነቱ የትም አልገባ አለው። ጊፎርድ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ እኮ ለአገሩ ሁሉ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አውቃለሁ» አለ ቨርሊን። «ይህንንም ለአገሩ ሁሉ ንገርልኝ። የእኔን ስም እየጠራህ።»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይል ነበር አባትህ» አለች ሚስ ዶርታ። «የሰውን በሕይወቱ ቀበርክበት። ጊፎርድ፣ ያቺ ሳጥን አትሸጥም፤ አውርዳት። ቨርሊን፣ ሂድና ና በለው። እንቢ ካለህ እንቢ እንዳለህ ለኔ ንገረኝ፤ ነገ እኔ እሄዳለሁ።»

ጊፎርድ ቀዩን ሳጥን በማንሻው አውርዶ ከትልቁ በር ፊት ለፊት ጠጠሩ ላይ አቆመው።

---

ቨርሊን በመጀመሪያ ቤቱ ሄደ። ናዲን ባሚያ በዱቄት እያሸች ነበር። ነገራት። ሁሉንም ነገራት፤ ቅዳሜን ጭምር፣ ፒካፑ ውስጥ የተለማመደውን ውሸት ጭምር።

እጇ ዱቄቱ ውስጥ ቆመ። «ፓዩን በደጅ ተቀበልኩት» አለች። «ጫማውን ጠርጎ ሊገባ ነበር እኮ። እግሩን ምንጣፉ ላይ ሲጠርግ አየሁት፣ በሩንም ዘጋሁት። ላንተ ብዬ።»

«ናዲን...»

«ዝም በል። ንዳ።»

ናዲን መኪናው ውስጥ መፍቻዋን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

ሮይስ ከቤቱ ጀርባ አጥር እየጠገነ ነበር። ጆንያው ትከሻውን አጉብጦታል። የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ዞር አለ፤ እህቱን አየ፣ ከኋላዋ ቨርሊንን አየ። መዶሻውን ግን አላስቀመጠም።

ናዲን ሽርጧን ፈትታ አሳየችው። አለቀሰች።

ሮይስ መፍቻዋን ብዙ ጊዜ ተመለከታት። «ከኋላ ነበረች?» አለ።

«ከኋላ» አለ ቨርሊን።

«ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀኸኝ ነበር።» ቨርሊን በመኪናው መንገድ ላይ ያዘጋጀው ሌላ ብዙ ንግግር ነበረው። አንዱም አልመጣለትም። «ሌባ አልኩህ። ሌባው... እኔ ነኝ ያዋረድኩህ። ይቅር በለኝ ለማለትም አፍሬያለሁ።»

ሮይስ ወደ እህቱ ዞረ። «ፓዩን በላችሁት?»

ናዲን አንገቷን ነቀነቀች። «ቆይቶ ደረቀ። ጣልኩት።»

«ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር እኮ» አለ።

ከዚያ እጁን ዘርግቶ መፍቻዋን ከሽርጧ ላይ አነሳ። ክብደቷን በመዳፉ መዘናትና የኋላ ኪሱ ከተታት።

«ሮይስ» አለ ቨርሊን፤ እጁ ሳያውቀው ተዘርግቶ ነበር። «መፍቻዋ...»

«ምን ሆነች?»

«የአባቴ...»

«ብርዱን ሙሉ እሷን የሰረቀ ተብዬ ኖሬያለሁ» አለ ሮይስ፣ በዚያ በማይፈታ ፊቱ። «ስሙን ከተሸከምኩ ዕቃዋ ትገባኛለች።»

ቨርሊን የዘረጋውን እጁን መለሰ።

ከቀትር በኋላ ሦስቱም ጋራዥ መጡ። ሚስ ዶርታ በሩ ላይ ቆማ «በሩ ክፍት ነው፣ ሮይስ» አለች። ሮይስ ጠጠሩ ላይ የቆመውን ሳጥኑን አየው፤ ሽቦውን በጫማው ነካ ነካ አደረገ። «እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ። «የሚያስገባት ግን እኔ አይደለሁም።»

ቨርሊን ሳጥኑን ከኋላ ገብቶ መግፋት ጀመረ። የተሰበረው እግር ጠጠሩን ያርስ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ያነሳዋል፣ ይገፋል። ያቺን ቀን ያላገዝን ሁላችን ዛሬ ለማገዝ ተነቃነቅን፤ ሮይስ እጁን አንስቶ «ተዉት» አለን። ቆመን አየን። ቨርሊን ሲገፋ፣ ሮይስ እጁን ኪሱ ከትቶ ከጎኑ ይራመድ ነበር። ያ ሳጥን ያን ዕለት ምን ያህል ከብዶ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ጎማ መንፊያዬን ይዤ ምድር ምድሩን አየሁ።

---

ቀዩ ቦታ ባዶውን ነው እስካሁን። ቨርሊን ስፖንጁን ቀይሮ መድፈን ይችል ነበር፤ አላደረገውም። መኪናውን ሊያሠራ የመጣ ሰው ዛሬም ይጠይቃል። «ይቺ ቀይዋ ምንድናት?»

«ሮይስ ሰረቀኝ ያልኳት መፍቻ ናት» ይላል ቨርሊን። «ከራሴ መሳቢያ ኋላ ነበረች።» ሲናገር አሁንም አንገቱ ድረስ ይቀላል። ለምን ያንን ባዶ ቦታ እንደማይዘጋው አንዴ ጠይቄው ነበር። «የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ጊፎርድም ወሬውን በሄደበት መንገድ እየመለሰው ነው፤ የመልካም ወሬ መኪና ግን ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።

ሮይስና ቨርሊን ጎን ለጎን ይሠራሉ። ይነጋገራሉ፤ ስለ ሥራ።

አጨዳ ሲጀመር የመጀመሪያዋ የስንዴ መኪና ሞተሪኖዋ ተበላሽቶ መጣች። ቨርሊን ከሥሯ ገብቶ ቆየ። ያቺ ብሎን መሆኗን ሁላችንም አውቀናል። ግራሶ እንደተቀባ ወጣና የሮይስ ሳጥን ፊት ቆመ።

«ሮይስ፣ መፍቻዋን ታውሰኛለህ?»

ሮይስ አወጣና ሰጠው። ቨርሊን ሥራውን ጨርሶ፣ ጠርጎ፣ አመስግኖ መለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ የስንዴ መኪና መጣች። ያው ብሎን። ቨርሊን አሁንም ከሥሯ ወጥቶ እዚያው ቦታ ቆመ። ኮምፕረሰሩ ሞልቶ ዝም አለ፤ ማናችንም መዶሻ አላነሳንም።

«ሮይስ» አለ። «መፍቻዋን...»

ሮይስ ቀና ብሎ አየው። «ሄደህ የራስህን ግዛ» አለው።

ቀልድ ይሁን አይሁን ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ማንም አልሳቀም። ቨርሊን ጨርቁን በእጁ እያሸ ቆመ፤ አልተቆጣም፣ አልሄደም። የሚሄድበትም የለው፤ እንዲህ ያለች መፍቻ አትሸጥም።

ሮይስ የላይኛውን መሳቢያ በአንድ ጣቱ ሳበ። መፍቻዋን አውጥቶ ዘረጋለት።

«ከኋላ እንዳትወድቅብህ» አለው።

ቨርሊን በሁለት እጁ ተቀበላት።